ከማሳ ዳር እስከ ኤታኖል ፋብሪካ፤ የጥንቅሽ ዘር ማሻሻል ታሪክ

በማሽላ አገር ያደገ ሰው ጥንቅሽን ከፊደል በፊት ያውቀዋል። የማሽላው ፍሬ ወተት ከመያዙ አንሥቶ እስኪጠነክር ድረስ ባሉት ሳምንታት፣ ማማ ላይ ወጥተው ወፍ የሚጠብቁ ልጆች ወንጭፋቸውን ያስቀምጡና አገዳውን በጥርሳቸው ልጠው፣ እያኘኩ ጭማቂውን መጥጠው ቅሬቱን ይተፉታል። ገበሬውም ይህን ስለሚያውቅ ከዋናው ማሽላ መካከል ወይም በማሳው ዳር ጥቂት የጥንቅሽ ዘር ጣል ያደርጋል። ጎተራ የሚሞላ እህል ስላልሆነ ስለ ምርቱ መጠን የሚጨነቅ የለም፤ ለልጅ፣ ለእንግዳና ለመንገደኛ የተተወ ነው።

ይኸው በማሳ ዳር የተተወ አገዳ ከአገራችን ውጭ ከመቶ ስድሳ ዓመታት በላይ የሆነው፣ ውጣ ውረድ የበዛበት ታሪክ አለው። መንግሥታት ገንዘብ አፍስሰውበታል፤ ስመ ጥር የኬሚስትሪ ሊቃውንት ደክመውበታል፤ መጀመሪያ ስኳር፣ ኋላም ለመኪና ነዳጅ የሚሆን ኤታኖል እንዲወጣበት በሦስት አህጉሮች ተሞክሯል። ተስፋው ደጋግሞ ለምልሟል፤ ደጋግሞም ጠውልጓል። የመጽሔታችን አዘጋጆች የዚህን ሰብል አጭር ታሪክ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ለድካሙ ፍሬ ማነስ በተለምዶ የሚሰጡትን ሁለት ምክንያቶች፣ ማለትም የአገዳውን የስኳር ማነስና የነዳጅ ዘይትን ዋጋ መዋዠቅ ይዤ ነበር ሥራውን የጀመርኩት። ነገሩን ባገላበጥኩት ቁጥር ግን ሌላ ምክንያት እየጎላ መጣ። ጥንቅሽን ይበልጥ የጎዳው የስኳሩ ማነስ ሳይሆን የቀኑ ማጠር ነው። ዘር አሻሻዮች ለብዙ ዘመን የደከሙት አገዳውን ይበልጥ ለማጣፈጥ ሲሆን፣ ፋብሪካው ይጠይቅ የነበረው ጣፋጩ አገዳ ብዙ ቀን እንዲቆይለት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የማሽላ የትውልድ አገር ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ መሆኑ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። በምሥራቅ ሱዳን፣ በቡታና ሜዳ በተገኘ የሸክላ ስብርባሪ ላይ የታየው የማሽላ ፍሬ ምልክት፣ በ2017 ይፋ በሆነ ጥናት መሠረት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው አራተኛው ሺህ ዓመት ሰው ማሽላን ማላመድ እንደ ጀመረ ያስረዳል። ሃርላንና ደ ዌት የተባሉት ሊቃውንት በ1972 ባወጡት አመዳደብ የለማውን ማሽላ ቢኮለር፣ ጊኒ፣ ካውዳተም፣ ካፊርና ዱራ ብለው በአምስት ነገድ ከፍለውታል። ጥንቅሽ ግን ራሱን የቻለ ነገድ አይደለም። የኋለኞቹ የዘር ሐረግ ጥናቶች እንዳሳዩት ጣፋጭ አገዳ ያላቸው ማሽላዎች በልዩ ልዩ ነገዶች ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ። ይህም ማለት ጣፋጭነት በአንድ ሥፍራና በአንድ ጊዜ የተገኘ ሳይሆን፣ በየአገሩና በየማሳው በሰው ምላስ ተደጋግሞ የተመረጠ ጠባይ ነው።

ጥንቅሽ ወደ ሰሜን አሜሪካ የገባው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በቻይና በኩል ሲሆን፣ በሻንግሃይ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ደ ሞንቲኚ በ1851 ወደ ፓሪስ የላከው ዘር በፈረንሳይ ከተባዛ በኋላ በ1850ዎቹ አጋማሽ አትላንቲክን ተሻገረ። ሁለተኛው በደቡብ አፍሪካ፣ በናታል በኩል ነው። ሌናርድ ሬይ የተባለው እንግሊዛዊ የስኳር ተክል ባለሙያ፣ ዙሉዎች «ኢምፊ» የሚሉትንና እንደኛ ጥንቅሽ እያኘኩ የሚመጡትን አገዳ አይቶ ዐሥራ አምስት ያህል ዓይነቶች ሰበሰበና በ1857 ወደ አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ወሰደ። በዚያው ዓመት ስለ ሁለቱ አገዳዎች መጽሐፍ ያሳተመው ሄንሪ ኦልኮት ይባላል። ይህ የእርሻ ሰው ኋላ ሙያውን ትቶ የቴዎሶፊ ማኅበር መሥራች መሆኑና በሕንድ አገር መሞቱ ከርእሳችን ውጭ ቢሆንም፣ የጥንቅሽን ነገር የጀመረ ሰው ሁሉ በአንድ ሥራ ላይ ጸንቶ አለመቆየቱ እኔን ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ሰሜኖቹ ከሉዊዚያና ያገኙት የነበረው ስኳር ሲቋረጥባቸው በየመንደሩ ጥንቅሽ እየዘሩ፣ በበቅሎ በሚዞር መጭመቂያ እየጨመቁ፣ ጭማቂውን በትልቅ መጥበሻ እያፈሉ ወፍራም ሽሮፕ አደረጉት። በ1860 የሕዝብ ቆጠራ የተመዘገበው የጥንቅሽ ሽሮፕ ከ6 ሚሊዮን ጋሎን ብዙም አይበልጥም ነበር፤ በ1879 የተመረተው ግን 28 ሚሊዮን ጋሎን ደረሰ። ይህ የገበሬ ምርት በገበሬ ቤት የተሳካው በቀላል ምክንያት ነው። ገበሬው አገዳውን የሚቆርጠው ሲደርስለት ነው፤ የሚጨምቀው በዕለቱ ነው፤ ሽሮፑ ደግሞ በማሰሮ ዓመት ይቆያል። አገዳው የሚጠብቀው ፋብሪካ፣ ፋብሪካውም የሚጠብቀው አገዳ አልነበረም።

ችግሩ የጀመረው ሽሮፑን ወደ ጠጣር ስኳር ለመለወጥ በተነሡ ጊዜ ነው። የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ዋና ኬሚስት የነበረው ፒተር ኮሊየር በ1870ዎቹ መጨረሻና በ1880ዎቹ መጀመሪያ በጥንቅሽ ላይ ያለውን እምነት ሁሉ ጣለ። በ1883 የተተካው ሃርቬይ ዊሊ፣ ኋላ በምግብ ንጽሕና ሕግ ስሙ የገነነው ማለት ነው፣ ነገሩን በጥርጣሬ ቢጀምረውም በካንሳስ ግዛት በፎርት ስኮት ትልቅ ሙከራ አደረገ። አገዳውን በመጨፍለቅ ፈንታ ቆራርጦ በሙቅ ውኃ በማጠብ ስኳሩን እስከ መጨረሻው ማውጣት እንደሚቻል በ1886 እና በ1887 በተደረጉት ሙከራዎች ታየ። ስኳሩ አለ፤ በሚገባም ወጣ። ነገር ግን ጭማቂው ከሱክሮስ ሌላ ግሉኮስና ፍሩክቶስ፣ በዚያም ላይ ስታርችና አኮኒቲክ አሲድ የተባለውን ነገር ስለሚይዝ አብዛኛው ስኳር ጠጥሮ ለመውጣት እምቢ አለ። ዊሊ ሙጫውንና ስታርቹን በአልኮል አማካይነት ለማስወገድ እስከ መሞከር ደርሷል። ከጥንቅሽ ስኳር ለማውጣት አልኮል ያፈስ የነበረው መሥሪያ ቤት፣ ከጥንቅሽ አልኮል ማውጣቱን እንደ ዋና ዓላማ አለመመልከቱ ዛሬ ለሚያነብ ሰው ሳያስቅ አይቀርም።

በዚያ ዘመን በካንሳስ የዘር መረጣም ተካሂዷል፤ እያንዳንዱ አገዳ ለብቻው እየተጨመቀ፣ ጭማቂው እየተመረመረ፣ ሱክሮስ የበዛበት ለዘር ይቀመጥ ነበር። መረጣው ውጤት አሳይቷል፤ የስኳሩም መጠን ጨመረ። ሆኖም የካንሳስ ጥንቅሽ የሚደርሰው በበጋው መጨረሻ ሲሆን፣ ውርጭ ከመውደቁ በፊት መቆረጥ አለበት። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ፋብሪካ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ሠርቶ የቀረውን ወራት ተዘግቶ ይቆማል። የተቆረጠ አገዳም በፋብሪካው በር ተከምሮ ሲያድር ሱክሮሱ ወደማይጠጥረው ስኳር ይለወጣል። የስኳር ቀይ ሥር ግን ከመሬት ወጥቶ በብርድ አገር ተከምሮ ይቆያል። በ1890ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ጥንቅሽን ትቶ ፊቱን ወደ ቀይ ሥሩ ማዞሩ ለዚህ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ሽንፈቱን የኬሚስትሪ ሽንፈት አድርገው ሲተርኩት እናያለን፤ እኔ ግን ቢያንስ ግማሹ የቀን መቁጠሪያ ሽንፈት ነው እላለሁ።

ከዚህ በኋላ ጥንቅሽ ወደ ሽሮፕነቱ ተመለሰ። በሚሲሲፒ ግዛት በሜሪዲያን ከተማ የነበረው የስኳር ሰብሎች ምርምር ጣቢያ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ከማንም ይበልጥ የደከመበት ተቋም ነው። ሳርት፣ ትሬሲ፣ ዊሊ፣ ብራንደስ፣ ዴል፣ ቴይስ፣ ኬለርና ኤም 81-ኢ የተባሉት ዝርያዎች የዚህ ጣቢያ ፍሬዎች ናቸው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከወጡት አንዱ ሬይ መባሉም ዘሩን ከናታል ያመጣውን ሰው ያስታውሰናል። ጣቢያው የሚፈልገው አገዳው እንዳይወድቅ፣ ቅጠልና አገዳ የሚያበሰብሱ በሽታዎችን እንዲቋቋም፣ ሽሮፑም በማሰሮ ውስጥ እንዳይጠጥር ነበር። በ1965 የወጣው ሪዮ ደግሞ የተገላቢጦሹን፣ ማለትም ጠጣር ስኳርን፣ የሚፈልጉ ሰዎች ሥራ ነው። በ1973 የነዳጅ ዘይት ዋጋ ሰማይ በነካ ጊዜ የዓለም ዘር አሻሻዮች እጃቸው ላይ የነበሩት ምርጥ የጥንቅሽ ዝርያዎች እንግዲህ ከእነዚህ መካከል ቀድመው የወጡት ነበሩ፤ ለሽሮፕ ወይም ለስኳር ተብለው የተመረጡ፣ ስለ ነዳጅ ማንም ያልጠየቃቸው። የሜሪዲያን ሥራም ዓለም ስለ ኤታኖል ማውራት በጀመረበት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ።

ለኤታኖል የሚሆን ጭማቂ ከስኳር ጭማቂ ይልቅ በአንድ በኩል ቀላል ነው። እርሾ ሱክሮስን፣ ግሉኮስንና ፍሩክቶስን ሳይመርጥ ይበላል፤ ዊሊን ያሰቃየው አለመጠጠር ለእርሾ ምንም አይደለም። ስለዚህ ዘር አሻሻዩ ሪፍራክቶሜትሩን ይዞ ማሳ ይገባል፤ ከአገዳው አንድ ጠብታ በመስተዋቱ ላይ ያደርጋል፤ በጭማቂው ውስጥ የሟሟውን ነገር በመቶኛ የሚያሳየውን ብሪክስ ያነባል። በደህና ዝርያ ከ15 እስከ 20 ይነበባል። መሣሪያው በኪስ የሚያዝ፣ ንባቡም በደቂቃ የሚደርስ በመሆኑ የስንት ሺህ አገዳ ንባብ በአንድ ወቅት ይሰበሰባል። የስሕተቱ ሥርም እዚሁ ላይ ነው። በአንድ ቀን ብሪክስን መለካት ቀላል ነው፤ ያው አገዳ ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንትና ከአምስት ሳምንት በኋላ ስንት እንደ ያዘ ለማወቅ ግን በየሳምንቱ እየተመለሱ መቁረጥ፣ መመዘንና መጭመቅ ያስፈልጋል። ሰው የሚለካው የቀለለውን ነው፤ የለካውንም ይመርጣል።

ስለ ጠባዩ ውርስ አንድ ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። የማሽላ አገዳ ልቡ ጭማቂ የሚይዝ ወይም እንደ ቡሽ ደረቅና ነጭ ይሆናል። ደረቅነት በአንድ ጂን የሚወረስ የበላይ ጠባይ መሆኑ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። በ2018 ይህ ጂን ተለይቶ ሲታወቅ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፤ ጂኑ በሚሠራበት ተክል የአገዳው የልብ ሕዋሳት በጊዜያቸው እንዲሞቱና አየር እንዲሞላቸው ያዝዛል፤ በጥንቅሽ ግን ጂኑ ተበላሽቷል፤ ሕዋሳቱም ውኃቸውን እንደ ያዙ ይቆያሉ። ብልሽቱም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ገበሬዎች በልዩ ልዩ ቦታ ልዩ ልዩ ብልሽት አግኝተው አቆይተዋል። ጭማቂ መያዝና መጣፈጥ ግን አንድ አይደሉም። የስኳሩ መጠን፣ የሚከማችበት ጊዜና የሚቆይበት ዘመን እንደ ጭማቂው በአንድ ጂን የሚወሰን ስላልሆነ፣ ምርጫው ረጅም ዓመታት ይጠይቃል።

ዲቃላ ዘር ማዘጋጀትም የራሱ ጣጣ ነበረው። ስቲቨንስና ሆላንድ በ1954 በማሽላ ላይ በሳይቶፕላዝም የሚተላለፍ የወንድ መካንነት ማግኘታቸውን ከገለጹ በኋላ የእህል ማሽላ ዲቃላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሜሪካን አጥለቀለቀ። የጥንቅሽ ዝርያ ግን ከሰው ቁመት እጅግ የበለጠ ስለሆነ ዘሩን በመኪና ማጨድ አይቻልም። አጭርና ጣፋጭ የሆነች እናት መስመር እስክትገኝ ድረስ ዲቃላው መዘግየቱ ለዚህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ የያዘችው ብራዚል ናት። የብራዚል መንግሥት በኅዳር 1975 ፕሮአልኮል የተባለውን የኤታኖል እቅድ ባወጀ ጊዜ ዋናው ሰብል ሸንኮራ አገዳ መሆኑ ግልጽ ነበር። ሆኖም በሴቴ ላጎአስ የሚገኘው የኤምብራፓ የበቆሎና የማሽላ ምርምር ማዕከል የሜሪዲያንን ዝርያዎች አስመጥቶ ለብራዚል አየር የሚስማሙትን መምረጥ ጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ በየእርሻው ትናንሽ የኤታኖል ማውጫ ማቋቋም ሲሆን፣ በ1986 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ከእቅዱ ጋር ቀዘቀዘ። ሁለተኛው ሐሳብ የመጣው ቤንዚንና ኤታኖልን በማናቸውም መጠን የሚቀበሉ መኪናዎች በ2003 ገበያ ከወጡ በኋላ ሲሆን፣ ከፊተኛው የበሰለ ነበር። የብራዚል መካከለኛ ደቡብ ፋብሪካዎች ሸንኮራ የሚፈጩት በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ነው፤ በዝናቡ ወራት ቆመው ይጠግናሉ። ጥንቅሽ ደግሞ በዝናቡ መጀመሪያ ተዘርቶ በአራት ወር ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ ፋብሪካው ባለበት፣ መጭመቂያው ባለበት፣ እርሾው ባለበት፣ በባዶው ወራት ጥንቅሽ ቢገባ ምን ይጎዳል?

ኤምብራፓ ለዚህ አገልግሎት ዝርያ ሲመርጥ ከብሪክስ ጋር አንድ አዲስ መለኪያ ጨመረ፤ ይህም «የኢንዱስትሪ መጠቀሚያ ጊዜ» የሚባለው ነው። ትርጉሙ በአገዳው ውስጥ ያለው ስኳር ለፋብሪካው ከሚያዋጣው ልክ ሳይወርድ በተከታታይ የሚቆይባቸው ቀናት ቁጥር ማለት ሲሆን፣ ቢያንስ 30 ቀን እንዲሆን ተወሰነ። ከካንሳስ ሙከራ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቀኑ ራሱ የመረጣ መስፈርት ሆነ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ከኤምብራፓ የወጡት ዝርያዎችና የግል ኩባንያዎች ያቀረቧቸው ዲቃላዎች በዚህ መስፈርት የተመዘኑ ነበሩ። ይሁን እንጂ የፋብሪካዎቹ ማሳ በምርምር ጣቢያ እንደ ተገኘው አልሰጠም። የሸንኮራ ሰዎች ጥንቅሽን በሸንኮራ ልማድ ዘሩት፤ ዘግይተው ዘሩት፤ አረም በላው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ፍላጎቱ ቀነሰ።

የሕንድ ታሪክ ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል፤ ምክንያቱም ጥንቅሹን የዘሩት ሰፋፊ እርሻዎች ሳይሆኑ እንደኛ ገበሬ ጥቂት ሄክታር ያላቸው ሰዎች ናቸው። በማሃራሽትራ ግዛት፣ በፋልታን የሚገኘው የኒምብካር የእርሻ ምርምር ተቋም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲደክምበት ቆይቶ ማዱራ የተባለውን ዝርያ አውጥቷል። በሃይደራባድ አጠገብ በፓታንቸሩ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የምርምር ተቋም ኢክሪሳትም ከ1980 ወዲህ በነበሩት ዓመታት ጣፋጭ መስመሮችን ለየ፤ ከእነርሱም አንዲቱ እናት ሆና ሲኤስኤች 22 ኤስኤስ የተባለው የሕንድ ጥንቅሽ ዲቃላ በ2005 ወጣ። ይኸው ተቋም ከአንድ የግል ኩባንያ ጋር ሆኖ በሜዳክ አውራጃ ያስጀመረው ሩስኒ የተባለው ፋብሪካ በ2007 ከጥንቅሽ ኤታኖል ማውጣት ጀመረ። ፋብሪካው የታቀደው በቀን 40 ሺህ ሊትር እንዲያወጣ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ከአንድ ቶን አገዳ 40 ሊትር ኤታኖል ቢወጣ ፋብሪካው በቀን 1,000 ቶን አገዳ ይፈልጋል። አንድ ሄክታር 30 ቶን ቢሰጥ በየዕለቱ 33 ሄክታር መቆረጥ አለበት ማለት ነው። ይህ ሁሉ አገዳ በተቆረጠ በአንድ ቀን ውስጥ፣ ቢዘገይ በሁለት ቀን፣ ከመጭመቂያው መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ክብደቱም ስኳሩም ይቀንሳል። የሕንድ ገበሬ ግን እንደኛው ዝናብ ጠብቆ ነው የሚዘራው። ዝናቡ ሲጥል ሁሉም በአንድ ሳምንት ይዘራል፤ የተዘራው ሁሉ በአንድ ሳምንት ይደርሳል፤ ፋብሪካው አንድ ሳምንት በአገዳ ተጨናንቆ የቀረውን ጊዜ ያዛጋል። በሁለተኛው፣ ማለትም ከዝናብ በኋላ ባለው የዘር ወቅት፣ ቀኑ ስለሚያጥርና ስለሚቀዘቅዝ ያው ዝርያ አንሶና ቀጥኖ ይወጣል። ኢክሪሳት ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን በኢብራሂምባድ መንደር ትንሽ መጭመቂያ አቋቁሞ ጭማቂው እዚያው ፈልቶ ሽሮፕ እንዲሆንና ፋብሪካውን እንዲጠብቅ ሞከረ። ልብ ብሎ ላየው ይህ የኦሃዮና የካንሳስ ገበሬ በበቅሎ መጭመቂያው የሠራው ነገር ነው። ለማፍላት የሚወጣው ማገዶና ጉልበት ግን፣ መንግሥት ለአንድ ሊትር ኤታኖል መጀመሪያ 21.50፣ በ2010 ደግሞ 27 ሩፒ ብቻ እንዲከፈል በወሰነበት ገበያ፣ ሊካካስ አልቻለም። የጥንቅሹ ሥራም ቆመ። በ2018 የወጣው የሕንድ የባዮፊዩል ፖሊሲ ጥንቅሽን ከሚፈቀዱት ጥሬ ዕቃዎች መካከል መዝግቦታል፤ መመዝገብና መጨመቅ ግን ለየቅል ናቸው።

ጥንቅሽን በመጨረሻ ማን እንደ ቀደመው ማየቱ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በብራዚል በሉካስ ዶ ሪዮ ቬርዴ በበቆሎ ብቻ የሚሠራ የኤታኖል ፋብሪካ በ2017 ተከፈተ፤ ከዚያም ወዲህ የበቆሎ ኤታኖል በዚያች የሸንኮራ አገር በፍጥነት ተስፋፋ። በቆሎ ስታርቹን መጀመሪያ ወደ ስኳር መለወጥ የሚያስፈልገው፣ ማፍያውንም በሌላ ማገዶ ማንደድ ግድ የሚል ሰብል ነው። የጥንቅሽ ጭማቂ ግን በቀጥታ ከእርሾ ይገናኛል፤ የተጨመቀው አገዳም ለማፍያው ማገዶ ይሆናል። በሳይንሱ ሚዛን ጥንቅሽ ይበልጣል። ነገር ግን በቆሎ በጎተራ ይቀመጣል፤ ፋብሪካው ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በዓለማያ የተጀመረውና ዶክተር ብርሃነ ገብረ ኪዳን የመሩት የኢትዮጵያ ማሽላ ማሻሻያ ፕሮጀክት በ1970ዎቹ ከየአውራጃው ብዙ ሺህ ናሙና ሰብስቧል። በ1976 የተቋቋመው የዕፀዋት ጄኔቲክ ሀብት ማዕከልም ሥራውን አስፍቶታል። ዓላማው እህል ነበር፤ መሆንም ነበረበት። ከዚያ ዘመን ሥራ ለርእሳችን ትምህርት የሚሆነው የወሎው ማሽላ ነገር ነው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ከዓለም የተሰበሰበ ከ9 ሺህ በላይ ማሽላ መርምረው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል የበዛባቸው ሁለት መስመሮች ማግኘታቸውን በ1973 ገለጹ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ነበሩ። የወሎ ገበሬዎች «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» እያሉ ከዋናው ማሽላ ጋር ቀላቅለው ይዘሯቸውና በእሸትነታቸው ጠብሰው ይበሏቸው የነበሩ ናቸው። ከስማቸው ገበሬው የሚያውቀውን ያህል ለመረዳት ላብራቶሪ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከጥንቅሾቻችን መካከል የትኛው ቶሎ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ራሱ ከደረቀ በኋላም ጣፍጦ እንደሚቆይ የሚያውቀውም ያው ገበሬ ነው።

ስለ ነዳጁ ጉዳይ ግን ከአባላት አንዳንዶቹ ቅር ቢላቸውም የሚመስለኝን ልናገር። በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ የወጣው ኤታኖል በ2008 በአዲስ አበባ 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ፣ ጥንቅሽም እንደ ብራዚል የፋብሪካውን ባዶ ወራት ይሙላ የሚል ሐሳብ በሙያ ባልደረቦቻችን ዘንድ ሲነሣ ሰምቻለሁ። የብራዚል ስሌት በእኛ አገር አይሠራም። የእኛ ስኳር ፋብሪካዎች የሚቆሙት በክረምት ነው፤ በዝናብ የተዘራ ጥንቅሻችን የሚደርሰው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ሸንኮራው በሚፈጭበት ወቅት ነው። በመስኖ ዘርተን ለሰኔ እናድርሰው ካልን፣ ጥንቅሽን ከሸንኮራ ያስመረጠውን የውኃ ቁጠባ በገዛ እጃችን እንጥለዋለን። በዚህ ላይ የአገዳው ሥራ ብዙ ነው፤ ለከብት መኖ፣ ለቤት ክዳንና ለአጥር፣ ለማገዶ ይሆናል። አጭር ማሽላ ለእህል ብለን ይዘንለት በሄድን ጊዜ «አገዳውስ?» ብሎ የጠየቀን ገበሬ፣ አገዳውን በሙሉ ለፋብሪካ ስጥ ስንለው የሚመልስልንን መገመት አያዳግትም። እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰብሳቢ ማሳ ሲገባ የሚመዝነው ራሱን እንጂ አገዳውን አያኝክም። ጥንቅሹ ደግሞ በማሳው ዳር ነው፤ የማሳ ዳር በቆሎ ሲዘራበት ወይም ሲጠብ መጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነው። ሰላሳ ቀን የሚለውን መስፈርት ኤምብራፓ የሞላው ከጥቂት የአሜሪካ ዝርያዎች ተነሥቶ ነው፤ አርባ ወይም ሃምሳ ቀን የሚቆይ አገዳ በእኛ ቆላዎች ይኑር አይኑር የሚታወቀው በየሳምንቱ ተመላልሶ የሚለካ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው።

አያቴ ጥንቅሽ የምትዘራው ከጓሮዋ ቀጥሎ ባለችው የማሽላ ማሳ ጥግ ነበር። ጥንቅሽ የሚበላው ፍሬው ሳይጠነክር ስለሆነ፣ ልጆች ሁሉንም ከበሉት ለከርሞ ዘር አይተርፍም። ስለዚህ ከአገዳዎቹ መካከል ሦስት ወይም አራት መርጣ አንገታቸው ላይ ቀይ ክር ታስርባቸው ነበር። ክር የታሰረበትን የነካ ልጅ ወዮለት። የምትመርጠው ግን በመጀመሪያው ሳምንት አልነበረም። መጀመሪያ እኛን ትለቅብናለች፤ ሌሎቹ አገዳዎች እየቀለሉና እየደረቁ ሲመጡ፣ ከቀሩት በየተራ አንዳንድ አንጓ ቆርጣ ታኝካለች። ማሽላው ሊታጨድ ሲቃረብ፣ ጎረቤት ሁሉ ጥንቅሽ አለቀ ባለበት ሰሞን፣ ገና ውኃውን ይዞ ከጣፈጣት አገዳ አጠገብ ቆማ ክሩን ከመቀነቷ ታወጣው ነበር።